ከጭቃና ጭድ እስከ ካርቦን ናኖቲዩብ፤ ጥንካሬ ከወዴት ይመጣል?

ነሐሴ 2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ተረክቦ ቦሌ ሲያሳርፍ፣ በየጋዜጣውና በየመሥሪያ ቤቱ የተወራው ስለ መስኮቶቹ ስፋትና ስለ ነዳጅ ቁጠባው ነበር፡፡ አውሮፕላኑ ከምን እንደተሠራ የጠየቀ ሰው እምብዛም አልነበረም፡፡ ጥያቄው ግን መጠየቅ የነበረበት ነው፡፡ ከዚያ አውሮፕላን ክብደት ግማሽ ያህሉ አሉሚኒየምም ብረትም አይደለም፤ ኮምፖዚት የሚባል ጥምር ቁስ ነው፡፡ በቀላል አማርኛ ሲነገር፣ እጅግ ቀጭን የካርቦን ክር በሙጫ ተነክሮ፣ በሙቀትና በግፊት ደርቆ አካልና ክንፍ የሆነ ነገር ነው፡፡ ሙጫው ኢፖክሲ ይባላል፡፡ በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ በሁለት ቱቦ ተደርጎ የሚሸጠው፣ ከመለጠፉ በፊት የሚደባለቀው ማጣበቂያ የዚሁ ቤተሰብ ነው፡፡

እንግዲህ አሥር ሺሕ ሜትር ከፍታ ላይ ሕይወታችንን ያደራ ሰጠነው ለክርና ለሙጫ ነው ማለት ነው፡፡ ይህን የምለው አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም፡፡ ክርና ሙጫ በአግባቡ ሲጣመሩ ከብረት የሚበልጡበት ሥራ እንዳለ የተረጋገጠ ነው፡፡ የዛሬው ጽሑፌ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሁለቱን የሚያስማማቸው ምንድነው? ሳይስማሙ ሲቀሩስ ምን ይሆናል?

የሕግ ምሩቅ በኬሚስትሪ ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እገምታለሁ፡፡ መልሴ አጭር ነው፡፡ በሙያዬ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ፡፡ ሁለት ባለጸጋ ወገኖች በደካማ ውል ከተሳሰሩ፣ የሚለካው የሀብታቸው ብዛት ሳይሆን የውሉ ጥራት ነው፡፡ የቁስ ሳይንስ ሰዎች ላለፉት 30 ዓመታት በካርቦን ናኖቲዩብ ላይ የደከሙበት ምስጢርም ከዚህ የራቀ አይደለም፡፡

ጭዱና ጭቃው

ከሩቅ ከመጀመር ከሠፈር መጀመር ይሻላል፡፡ እኔ በምኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ፣ ፎቅ በየአቅጣጫው እየተነሳ ባለበት በዚህ ዘመን እንኳ የጭቃ ቤት ብርቅ አይደለም፡፡ አጠና ተራ የሚለው የሠፈር ስም ራሱ ቤት ለመሥራት የሚውለውን የባሕር ዛፍ አጠና ያስታውሰናል፡፡ አጠናው ቋሚና ማገር ይሆናል፤ ከዚያ ምርጊቱ ይከተላል፡፡

ጭቃ ብቻውን ቢመረግ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፡፡ የጤፍ ጭድ ብቻውን ደግሞ ንፋስ የሚወስደው ገለባ ነው፡፡ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን ዘመናትን የሚሻገር ግድግዳ ይወጣቸዋል፡፡ ልብ ማለት የሚገባን ቀጥሎ ያለውን ነው፡፡ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ጭዱን ጭቃው ላይ በትኖ ወዲያው አይመርግም፡፡ ውኃ አጠጥቶ፣ ረግጦ፣ ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት እንዲቦካ ይተወዋል፤ መልሶ ይረግጠዋል፡፡ በዚህ ጊዜ ጭዱ ይለሰልሳል፣ ገጹ ይበሰብሳል፣ ከሸክላው አፈር ጋር ይዋሀዳል፡፡ ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ጭዱን አይይዘውም፤ ጥፍር ሲገባበት ጭዱ ሙልጭ ብሎ ይወጣል፡፡

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ሲያደርጉ የጭዱን ገጽ በኬሚስትሪ እየለወጡ ነበር፡፡ ስሙን አላወጡለትም እንጂ ሥራውን ያውቁት ነበር፡፡ ስለ ካርቦን ናኖቲዩብ የሚወራው ሁሉ የዚህ ጭቃ ማቡካት የረቀቀ ልጅ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም፡፡

ኢፖክሲ ምን ጎደለው?

ኢፖክሲ የሁለት ነገሮች ጋብቻ ነው፡፡ አንደኛው ሬንጅ መሰል ዝልግልግ ፈሳሽ ሲሆን፣ በሞለኪዩሉ ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት ካርቦንና አንድ ኦክሲጅን የሠሩት ጠባብ ቀለበት አለው፡፡ ቀለበቱ እንደተወጠረ ደጋን ነው፤ የሚከፍተው ካገኘ ለመከፈት ዝግጁ ነው፡፡ ሁለተኛው ማጠንከሪያው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አሚን ከሚባል ናይትሮጅን ካለበት የኬሚካል ወገን ይመጣል፡፡ አሚኑ ቀለበቱን ይከፍትና ራሱን ያስራል፡፡ ይህ በሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ፈሳሹ በየአቅጣጫው ወደተሳሰረ መረብ ይለወጣል፡፡ አንዴ ከደረቀ በኋላ ቢያሞቁት አይቀልጥም፤ ሙቀቱ ከበዛ ይከስላል እንጂ ወደ ፈሳሽነት አይመለስም፡፡

የኢፖክሲ ጥንካሬም ድክመትም ከዚሁ መረብ ይመነጫል፡፡ መረቡ ጥብቅ ስለሆነ ቁሱ ግትር ነው፣ ኬሚካል ይችላል፣ ጥሩ ይጣበቃል፡፡ ነገር ግን መፈናፈኛ ስለሌለው አንድ ስንጥቅ ከጀመረው የሚያስቆመው የለም፡፡ ምጣድ እሳት ይችላል፤ ክብደትም ይሸከማል፤ ከተሰነጠቀ ግን አበቃለት፡፡ ጠፍር በአንጻሩ ጎኑ ቢቆረጥም ወዲያው ለሁለት አይከፈልም፡፡ በቁስ ሳይንስ ቋንቋ ምጣዱ ጠንካራ ነው፣ ጠፍሩ ደግሞ ስንጥቅ ቻይ ነው፡፡ ሁለቱ አንድ አይደሉም፡፡ መሐንዲሶች ከኢፖክሲ የሚፈልጉት ምጣድነቱን ሳይጥል ጥቂት የጠፍር ጠባይ እንዲኖረው ነው፡፡

በአውሮፕላን አካል ውስጥ የካርቦን ክሮቹ ንብርብር ሆነው የተደረደሩ ናቸው፡፡ በአንዱ ንብርብርና በሌላው መካከል ያለው ሙጫ ብቻ ነው፡፡ መሣሪያ ቢወድቅበት ወይም የመሬት አገልግሎት መኪና ቢገጨው፣ ላይ ላዩን ምንም ሳይታይ በንብርብሮቹ መካከል ስንጥቅ ሊሄድ ይችላል፡፡ የጥገና ባለሙያዎች በአልትራሳውንድ የሚፈትሹትም ለዚህ ነው፡፡ ስለዚህ ስንጥቅ የሚቋቋም ሙጫ መሥራት የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፡፡

ድር ቢያብር፣ ግን መች ያብራል?

ካርቦን ናኖቲዩብ ወደዚህ ታሪክ የገባው እዚህ ላይ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1991 ሱሚዮ ኢጂማ የተባሉ ጃፓናዊ ሳይንቲስት ባወጡት ጥናት ዓለም ትኩረቱን ወደዚህ ቁስ አዞረ፤ ከዚያ በፊት በ1952 የሶቪየት ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ የካርቦን ቱቦዎችን በፎቶ አሳይተው ነበር፡፡ ናኖቲዩብ ማለት የእርሳስ መጻፊያው የሚሠራበት ግራፋይት አንድ ገበታ ተጠቅልሎ ቱቦ ሲሆን ነው፡፡ ባለ አንድ ግድግዳም ባለ ብዙ ግድግዳም አለ፡፡ ባለ ብዙ ግድግዳው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ናኖሜትር ይወፍራል፡፡ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ሲሆን፣ የሰው ፀጉር 80,000 ናኖሜትር ያህል ይሆናል፡፡

ጥንካሬውን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ልኬት የናኖቲዩቡ ውጨኛ ግድግዳ እስኪበጠስ ከ11 እስከ 63 ጊጋፓስካል ውጥረት እንደሚችል አሳይቷል፡፡ ጥሩ የሚባል የብረት ገመድ ሽቦ 2 ጊጋፓስካል ገደማ ነው፡፡ ክብደቱ ግን ከብረት ሩብ አይበልጥም፡፡ ታዲያ ይህን የመሰለ ክር ኢፖክሲ ውስጥ ጥቂት ጣል ቢደረግበት ስንጥቅ አይቆምም? አገራችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ትላለች፡፡ ገና እ.ኤ.አ. በ1994 ናኖቲዩብና ሙጫ ተቀላቅለው ነበር፡፡ ውጤቱ ግን ለዓመታት ከተስፋው በታች ሆነ፡፡ ድሩ አላበረም፡፡

ምክንያቱ ሁለት ነው፡፡ አንደኛው፣ ናኖቲዩቦች እርስ በርስ ይሳሳባሉ፡፡ ከቅጥነታቸው የተነሳ የአንድ ግራም ናኖቲዩብ ገጽ ቢዘረጋ ብዙ ጊዜ ከ100 ካሬ ሜትር ይበልጣል፤ ከአንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ወለል ይሰፋል ማለት ነው፡፡ ይህ ሁሉ ገጽ ከመሰሉ ጋር ለመጣበቅ ይሮጣል፡፡ ገንፎ ውስጥ ያልተፈታ ዱቄት እንደሚቋጥረው ይቋጥራል፡፡ ቋጠሮ ደግሞ ማጠናከሪያ አይደለም፤ ስንጥቅ የሚጀምርበት ጉድለት ነው፡፡

ሁለተኛው፣ የናኖቲዩቡ ገጽ ለስላሳና ለኬሚካል ግድ የለሽ ነው፡፡ የሚዘረጋው እጅ፣ የሚጨብጠው ጣት የለውም፡፡ ኢፖክሲው በዙሪያው ይደርቃል እንጂ አያስረውም፡፡ ኃይል ሲመጣ እንዳልቦካ ጭድ ሙልጭ ብሎ ይወጣል፡፡ የዓለም ጠንካራው ክር ውሉ ውስጥ በታዛቢነት ተቀምጧል እንጂ ተዋዋይ ወገን አይደለም፡፡

ተዋዋይ ማድረግ

ኬሚስቶች ያደረጉት ናኖቲዩቡን ከታዛቢነት ወደ ተዋዋይነት ማሸጋገር ነው፡፡ የታወቀው መንገድ በአሲድ ይጀምራል፡፡ ናኖቲዩቡ በናይትሪክ አሲድ፣ ወይም በሰልፈሪክና በናይትሪክ አሲድ ድብልቅ ይታጠባል፡፡ ሰልፈሪክ አሲድ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ነው፡፡ አሲዱ የቱቦውን ጫፎችና እንከን ያለባቸውን ቦታዎች ይበላና ካርቦክሲልና ሃይድሮክሲል የሚባሉ ኦክሲጅን ያለባቸው ቅጥያዎችን ያበቅልባቸዋል፡፡ አሁን እጅ አወጣ ማለት ነው፡፡

ቀጥሎ እጁ ላይ አሚን ይታሰርበታል፡፡ አሚን ደግሞ፣ ቀደም ብለን እንዳየነው፣ የኢፖክሲውን ቀለበት የሚከፍተው ማጠንከሪያ ወገን ነው፡፡ ስለዚህ አሚን የለበሰ ናኖቲዩብ ሙጫው ውስጥ ሲገባ በእንግድነት አይቀመጥም፤ እንደ ማጠንከሪያው ሁሉ ቀለበት ከፍቶ ይተሳሰራል፣ የመረቡ አካል ይሆናል፡፡ በተጨማሪም ቅጥያዎቹ ቱቦዎቹ መልሰው እንዳይቋጠሩ ይረዳሉ፡፡

ውጤቱ በቁጥር ምን ይመስላል? በጀርመን ሐምቡርግ ሐርቡርግ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት፣ አሚን የለበሱ ባለ ሁለት ግድግዳ ናኖቲዩቦች ከኢፖክሲው ክብደት 0.5 በመቶ ብቻ ሲገቡ ስንጥቅ የመቋቋም አቅሙ በ43 በመቶ አድጓል፡፡ ጥንካሬው በ10 በመቶ፣ ግትርነቱ በ15 በመቶ ጨምሯል፡፡ ለአንድ ኪሎ ሙጫ አምስት ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚመዝነውን ያህል ነው ያስፈለገው፡፡ ቱቦዎቹን ለመበተን ተመራማሪዎቹ ድብልቁን በሮለሮች መካከል እያሳለፉ ፈጭተውታል፡፡ ጭቃ ረጋጩ እዚህም አልቀረም፡፡

ስንጥቁን የሚያስቆመው አሠራርም ሊነገር የሚገባው ነው፡፡ ስንጥቁ እየሮጠ መጥቶ ናኖቲዩብ ሲያገኝ ቱቦው እንደ ድልድይ ሁለቱን ከንፈሮች ይይዛቸዋል፡፡ ስንጥቁ ወይ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ወይ ቱቦውን ከሙጫው ጎትቶ ለማውጣት ይገደዳል፡፡ ይህ መጎተት ሰበቃ አለው፤ ሰበቃ ደግሞ ጉልበት ይበላል፡፡ ጉልበቱን የጨረሰ ስንጥቅ ይቆማል፡፡

ከመጠን በላይ ሲሆን

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚረቀው፡፡ እስሩ በጣም ከላላ ቱቦው ያለ ሰበቃ ይወጣል፤ ጉልበት አይበላም፡፡ እስሩ እጅግ ከጠበቀ ደግሞ ቱቦው ሳይጎተት እዚያው ይበጠሳል፤ አሁንም የሚበላው ጉልበት ያንሳል፡፡ የሚፈለገው መሐሉ ነው፤ የሚይዝ፣ ግን ሲያቅተው እየታገለ የሚለቅ፡፡ የሕግ ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን፡፡ የማይላወስ ውል በመጀመሪያው ችግር ይፈርሳል፤ ልል ውል ደግሞ መጀመሪያውኑ ውል አይደለም፡፡

አሲዱም ዋጋ አለው፡፡ ብዙ ሰዓት ከቆየ፣ ከበረታ ወይም ከሞቀ ቱቦውን ይቆራርጠዋል፣ ግድግዳውን ይቀዳዋል፡፡ እያንዳንዱ የተተከለ እጅ የግራፋይቱን ገበታ በአንድ ነጥብ ያበላሻል፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታውም ይቀንሳል፡፡ ለዚህ ሲባል ገጹን ሳይነኩ በላዩ ላይ የሚጠመጠሙ ሞለኪዩሎችን የሚጠቀሙ አሉ፤ ቱቦው አይጎዳም፣ እስሩ ግን ይላላል፡፡ መጠኑ ሲበዛም ሙጫው እንደ ገንፎ ይወፍርና በካርቦን ክሮቹ መሐል መፍሰስ ያቅተዋል፡፡ ናኖቲዩብ ከብዙ ዓመታት ልፋት በኋላም የአውሮፕላን ሙጫ ሁሉ መደበኛ ቅመም ያልሆነው በእነዚህና በዋጋ ምክንያት ነው፡፡ ድሪምላይነራችንም ጥንካሬውን የሚያገኘው ከተለመደው የካርቦን ክር እንጂ ከናኖቲዩብ አይደለም፡፡

ስንጥቅ መቋቋም ብቻውንም ሁሉን አይፈታም፡፡ ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ቆሞ የነበረ፣ ሰው ያልነበረበት የአየር መንገዳችን ድሪምላይነር በእሳት ተጎድቶ እንደነበር እናስታውሳለን፡፡ የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች በ2007 ዓ.ም. ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት፣ እሳቱ የተነሳው ከአደጋ ጊዜ ምልክት ማሰራጫው የሊትየም ባትሪ መሆኑን ገልጸዋል፡፡ የባትሪው ጉልበት ካለቀ በኋላም እሳቱ ቀስ እያለ የቀጠለው በአካሉ ውስጥ ያለው ሙጫ ማገዶ ስለሆነለት ነው፡፡ አውሮፕላኑ ተጠግኖ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ በረራ ተመልሷል፡፡ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የምንገዛውን ቁስ ጠባይ፣ ጥገናውንና አደጋውን ጭምር የሚያውቅ የራሳችን ሰው ያስፈልገናል፡፡

ቃጫውና ኮስቲክ ሶዳው

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፡፡ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የእንሰት ቃጫን፣ ሲሳልንና ቀርከሃን ከኢፖክሲና ከፖሊስተር ጋር ለማጣመር ብዙ ጥናቶች ተሠርተዋል፡፡ ከቆጮ ዝግጅት የሚተርፈው ቃጫ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፡፡ ችግሩ እዚህም ያው ነው፡፡ የቃጫው ገጽ ሰም መሰልና ሌሎች ተጣባቂ ነገሮች ስላሉበት ሙጫው አይዘውም፡፡ መፍትሔውም ዘመዱ ነው፤ ሳሙና ለመሥራት በሚውለው ኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፡፡ ሶዳው ሰሙን ያነሳል፣ ገጹን ያሻክራል፡፡ ሶዳው ከበዛ ግን ክሩን ራሱን ይበላል፡፡ ያው የመሐል መንገድ!

ናኖቲዩብ ለማምረት የሚያስፈልገው ወጪ ለእኛ ከባድ ሊሆን ይችላል፡፡ ገጽን የማከም ዕውቀት ግን አንድ ነው፡፡ ቃጫ ላይ የተማረ ኬሚስት ናኖቲዩብ ላይ አይደነግጥም፡፡

አቧራውስ የት ይደርሳል?

በመጨረሻ ወደ ሙያዬ ልመለስ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ረጃጅም ባለ ብዙ ግድግዳ ናኖቲዩቦች በአካል ውስጥ እንደ አስቤስቶስ ዓይነት ጉዳት እንደሚያደርሱ አሳይቷል፡፡ የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2014 ከእነዚህ ቱቦዎች አንዱን ዓይነት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ መድቦታል፤ ስለሌሎቹ ዓይነቶች ለመወሰን ማስረጃው አይበቃም ብሏል፡፡ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ደግሞ በ2013 በሥራ ቦታ አየር ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ ከአንድ ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል፡፡ ቱቦው ሙጫ ውስጥ እንደታሰረ ሥጋቱ አነስተኛ ነው፡፡ አደጋው ዱቄቱ ሲመዘን፣ የደረቀው ሲቆረጥና በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ነው፡፡

የኢንዱስትሪ ኬሚካሎችን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1075/2010 እና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አሉን፡፡ ሕግ ግን በልማዱ የሚያየው የዕቃውን ስምና ክብደት ነው፡፡ በስም ከሆነ ናኖቲዩብም ከሰልም ካርቦን ናቸው፡፡ እዚህ አደጋው ያለው ስሙ ላይ ሳይሆን ቅርጹና ርዝመቱ ላይ ነው፡፡ መመሪያ የሚያወጡ ባለሙያዎች ይህን ልዩነት በጽሑፍ ሊያሰፍሩት ይገባል፤ ከጉምሩክ መጋዘን ጀምሮ ቱቦው የሚነካበትን እጅ ሁሉ ታሳቢ አድርገው፡፡

የኮልፌ ቀራንዮ ሰው ይህ ጉዳይ የወረቀት እንዳልሆነ ያውቃል፡፡ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀጥፏል፡፡ ለዓመታት የጣልነውን ምን እንደሆነና የት እንደሚያርፍ ያልጠየቅንበት ዕዳ ነበር፡፡ አዳማ፣ አሸጎዳና ሌሎች ቦታዎች ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች ክንፎችም የመስታወት ክርና የሙጫ ጥምር ናቸው፤ የተለመደው ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 25 ዓመት ነው፡፡ የደረቀ ሙጫ እንደ ብረት ቀልጦ አይሸጥም፡፡ ሲያረጁ ማን ይቆርጣቸዋል? አቧራውን ማን ይተነፍሳል? የት ይጣላሉ? ይህ በግዢ ውሉ ውስጥ በዛሬው ቀን ሊጻፍ የሚገባው አንቀጽ ነው፡፡

ጥናቱ በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ፣ ፋብሪካው በኢንዱስትሪ ዞን፣ ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ እየተቀመጠ ሦስቱም በየራሳቸው ጠንካራ ሊሆኑ ይችላሉ፡፡ እጅ ካላወጡና ካልተያያዙ ግን ሙጫ ውስጥ የተቋጠረ ናኖቲዩብ ናቸው፡፡ ማቡካቱ ጊዜ ይወስዳል፤ ጭቃ ረጋጭ ሁሉ እንደሚያውቀው ሳይቦካ የተመረገ ደግሞ ክረምት አይሻገርም፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡